ትንሣኤንና ተልእኮን አንለያይ
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ስለ ትንሣኤና ስለ ተልእኮ ነው። እነዚህን ሁለቱን ብዙ ጊዜ ለያይተን እናያቸዋለን። ትንሣኤን የአንድ ሰሞን ደስታ፤ ተልእኮን ግን የሰባክያንና የመነኮሳት ሥራ አድርገን እንቈጥራለን። ነገር ግን በሐዋርያው በቅዱስ ጳውሎስ ስም በሚጠራው በዚህ ሠፈር ለምንኖር ሰዎች ሁለቱን መለየት አይገባንም። ጳውሎስ ከሙታን የተነሣውን ጌታ ያየበትና ለመላክ የተመረጠበት መንገድ አንድ ነበርና።

ሳውል ይባል በነበረ ጊዜ ወደ ደማስቆ ይገሠግሥ የነበረው ክርስቲያኖችን አስሮ ወደ ኢየሩሳሌም ለማምጣት ነበር። በመንገድ ሳለ ብርሃን ከሰማይ በዙሪያው አንጸባረቀ፤ ሞቶ ቀርቷል ብሎ የሚያስበውን የጌታን ድምፅ ሰማ። ከዚህም በኋላ ሦስት ቀን ዓይኑ ሳያይ፤ እህልና ውሃም ሳይቀምስ ቈየ። ጌታ ሐናንያን ወደ እርሱ በላከው ጊዜ የገለጠለት የሳውልን ዓይን መብራት ብቻ አልነበረም፤ ስሙን በአሕዛብና በነገሥታት ፊት ይሸከም ዘንድ የመረጠው መሆኑንም ነገረው። መግደላዊት ማርያምም በመቃብሩ አጠገብ ስታለቅስ ጌታን ባየችው ጊዜ ሄዳ ለወንድሞቹ እንድትነግር ታዘዘች እንጂ በዚያው እንድትቀመጥ አልተፈቀደላትም። እንግዲህ ትንሣኤን አይቶ ሳይላክ የቀረ ሐዋርያ የለም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ትምህርት በበዓላትና በአጽዋማት ሥርዓቷ አጽንታዋለች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ የደስታ ወራት ነውና። ጰራቅሊጦስ በዋለ በማግሥቱ ግን ጾመ ሐዋርያት ይገባል። ይህም ጾም ሐዋርያት ወንጌልን ለዓለም ለመስበክ ከመውጣታቸው አስቀድሞ የጾሙት ነው። የሚፈጸመውም ሐምሌ 5 ቀን፤ በቅዱስ ጴጥሮስና በቅዱስ ጳውሎስ በዓል ነው። ስለዚህ ከባዶው መቃብር የተነሣው መንገድ በየዓመቱ የሚያደርሰን ወደ ሰማዕታቱ መልእክተኞች ነው። በመካከሉ ቆሞ የሚቀር ሰው በዓሉን በግማሽ አከበረ እንጂ አልፈጸመም።

ወንጌልም ወደ አገራችን የደረሰው በተላኩ ሰዎች ነው። አስቀድሞ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ከፊልጶስ ተምሮ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም ወደ አገሩ ተመለሰ። በአራተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ፍሬምናጦስ በብላቴንነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ። ከጊዜ በኋላ ነጻ ወጥቶ ወደ እስክንድርያ በሄደ ጊዜ ቅዱስ አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ መልሶ ላከው፤ እኛም ከሣቴ ብርሃን ሰላማ እንለዋለን። በንጉሥ ዔዛና ዘመን በአክሱም ገንዘብ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት ለመስቀል ስፍራውን መልቀቁ እስከ ዛሬ ምስክር ሆኖ ይታያል። የተላከላትም አገር በበኩሏ ላኪ ሆነች፤ በ1962 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን መልእክተኛዋን እስከ ጃማይካ ሰድዳ ብዙዎችን አጥምቃለች።

ትንሣኤን ማመን ለምስክርነት ድፍረት እንደሚሰጥ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚህችው በአዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣልያ ጥይት ሲገደሉ ሕዝባቸውን ክደው ሕይወታቸውን ማትረፍ አልወደዱም። ሞት የነገር ሁሉ መጨረሻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ያለውን ምርጫ ለመምረጥ እጅግ ይቸግረዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ዐሥራ አምስተኛውን ምዕራፍ በሙሉ ስለ ሙታን ትንሣኤ ተናገረ፤ የሚዘራውን ዘር ምሳሌ አድርጎ ይህ የሚበሰብሰው ሥጋ በክብር እንደሚነሣ አስረዳ። ከዚያ ምስጢር ወርዶ በዐሥራ ስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ወዲያው የሚናገረው በኢየሩሳሌም ላሉ ቅዱሳን ስለሚሰበሰበው እርዳታ ነው። እያንዳንዱም የሚሰጠውን በሰንበት፤ ጌታ በተነሣበት ቀን፤ እንዲያስቀምጥ አዘዘ። ይህ ያለ ምክንያት የሆነ አይመስለኝም። ሥጋ የሚነሣ ከሆነ የተራበውና የታመመው ሥጋ የተናቀ ሊሆን አይችልምና።

በዚህ በጳውሎስ ሠፈር ደግሞ የታመመ ሰው የሚፈለገው በሩቅ አይደለም። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ1961 ዓ.ም. ግድም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፤ በጀርመን ወንጌላውያን ክርስቲያኖችም እርዳታ፤ በተለይ ለድኾች መታከሚያ እንዲሆን የተሠራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በዚያ ነው። በዚህ ሕክምና ዘመድ ከሁለት ኩላሊቱ አንዱን ለዘመዱ ሰጥቶ ሁለቱም በሕይወት ይኖራሉ። የሰው ሥጋ ለባልንጀራው መዳኛ ይሆን ዘንድ ሲሰጥ ለማየት የሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ነገር ግን በዚያው በር ከሩቅ አገር ቤት ታማሚውን ይዞ የመጣ አስታማሚ የሚያድርበት አጥቶ በግንብ ጥግ ይተኛል። ታማሚውም የንስሓ አባቱ በሩቅ ስለ ሆነ የሚናዘዝበትን ካህን አያውቅም። ቢሞትም የሠፈሩ እድር በሌለበት አገር ሬሳውን ማን ያነሣዋል? እኛ ለእድራችን አባል ድንኳን እንተክላለን፤ ለቅሶ እንደርሳለን፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ትንሣኤ የታወጀው ለእድር አባሎች ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ሰው ይህ የሐኪሞችና የመንግሥት ሥራ ነው ይል ይሆናል። መድኃኒት መስጠትስ የእነርሱ ነው፤ እንግዳን መጠየቅ፤ ማጽናናትና መቅበር ግን የእኛ ነው። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት ሦስት ነገር እንድንጀምር እለምናለሁ። ካህናት አባቶቻችን ተራ ገብተው ንስሓና ቀንዲል ለሚሹ ሕሙማን ይድረሱ። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ የምንቀምስ ሰንበቴዎች ከምናቀርበው ዳቦና ጠላ አንድ እጁን ለአስታማሚዎች እናድርስ። ሰበካ ጉባኤያችንም ዘመድ ለሌለው ሟች መገነዣና መቅበሪያ የሚሆን ገንዘብ ይለይ። እነዚህ ታላላቅ ነገሮች አይደሉም፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚፈጸሙ ከሆነ እውነተኛ ተልእኮ ናቸው።

በፋሲካ ሌሊት ካህኑ የጌታን መነሣት ሲያውጅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ይመልስለታል። አዋጁ ያለ መላሽ አይፈጸምም። ከእንግዲህ ወዲህ መልሳችን በቤተ መቅደሱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሆስፒታሉም በር ይሰማ። የሐዋርያው የቅዱስ ጳውሎስ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን።