ለመኪናዎ ቸርኬ የሚስማማውን ጎማ ስለ መምረጥ

(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)

ሰው ጫማ ሊገዛ ወደ ሱቅ በሄደ ጊዜ በመጀመሪያ «ቁጥርዎ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቁጥሩን የማያውቅ እንደ ሆነ እግሩን ይለካል እንጂ ጫማው ስላማረ ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም። ለመኪናው ጎማ በሚገዛበት ጊዜ ግን ይኸው አስተዋይ ሰው ብዙ ጊዜ ጥንቃቄውን ይዘነጋል። ዋጋውን ይጠይቃል፤ ጥርሱን በጣቱ ይዳብሳል፤ «አዲስ ነው» ሲሉት ያምናል፤ ከዚያም ተሸክሞ ወደ ጎሚስታው ይሄዳል። ጫማ ልክ ባይሆን የሚጎዳው የባለቤቱ እግር ብቻ ነው። ጎማ ልክ ያልሆነ እንደ ሆነ ግን አደጋው በመኪናው ውስጥ ለተቀመጡት ሁሉ፣ በመንገድም ለሚያልፈው ሕዝብ ጭምር ነው። ስለዚህ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት ለመጣው ለኦሪጅናሉ ቸርኬ ምትክ ጎማ እንዴት እንደሚመረጥ በዛሬው ንግግሬ ላስረዳዎ አስቤአለሁ።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ያስተማረኝ ሊማሊሞ ነው። ከአባቴ የወረስሁት አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ነበረኝ። በ2010 ዓ.ም. ጎማዎቹ ስላለቁ በጎንደር ከተማ በአራዳ ወደ አንድ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ባለ 15 ጎማ እንደምፈልግ ነገርሁት። ሻጩም 195/65 አር 15 የሚል ጽሕፈት ያለበትን አወጣና «15 ለ15 ነው፤ እንዲያውም ሰፊ ስለ ሆነ መሬት ይይዛል» አለኝ። እኔም አምኜ ሁለቱን ከፊት አስገጠምሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለዘመድ ለቅሶ ወደ አዲአርቃይ ለመሄድ ባለቤቴንና እናቴን ይዤ ተነሣሁ። እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰላም አለፈ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርበው የሠሩትን፣ ከደባርቅ ወደ ቆላ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጀምር ግን መሪው ይከብደኝ፣ መኪናይቱም ትዋልል ጀመር። በአንዱ የቀኝ መታጠፊያ ላይ ጫናው በግራው የፊት ጎማ ላይ ባረፈ ጊዜ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ተላቀቀ፤ ቫልቮላውም ከካላማዳሪው ተገነጠለ፤ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ወጣ። ፍጥነታችን ዝቅተኛ ስለ ነበረ መኪናይቱ ከገደሉ አፋፍ ጥቂት ክንድ ሲቀራት ቆመች። ማንም አልተጎዳም። እናቴ ወርዳ ነጠላዋን ካስተካከለችና ወደ ታች ከተመለከተች በኋላ «ልጄ፣ ለእግርህ ስትገዛ ትለካለህ፤ ለዚህች አልለካህላትም እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

እንግዲህ ያ ጎማ አሮጌ አልነበረም፤ የተበላሸም አልነበረም። ለሌላ መኪና ቢሆን ደኅና ጎማ ነበር። ጥፋቱ የልክ ጥፋት ነው። ይህም እንዲገባን በጎማ ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልገናል።

ለምሳሌ በብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ የሚገኘውን 175/65 አር 14 የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው 175 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው 65 ሚሊ ሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት ከወርዱ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ ያሳያል። የ175 ከመቶ 65 እጅ 114 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አር የተባለው ፊደል ጎማው ራዲያል መሆኑን፣ ማለት የውስጡ ክሮች ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉ መሆናቸውን ይናገራል። ይህን አሠራር የፈረንሳዩ ሚሸሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። የመጨረሻው 14 ደግሞ ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው። አንዱ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች የጎማውን ሙሉ ቁመት ማንም የሒሳብ ትምህርት የቀመሰ ሰው ሊያወጣው ይችላል። 14ቱን በ25.4 ቢያባዙት 355.6 ይሆናል። የጎኑ ቁመት ከላይም ከታችም ስላለ ሁለት ጊዜ ሲደመር 583 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አሁን 165/70 አር 14 የተባለውን በዚሁ መንገድ ቢያሰሉት 587 ሚሊ ሜትር ያህል ያገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ አንዱ በገበያ ቢጠፋ ሌላው፣ የቸርኬው ወርድና የሚሸከመው ክብደት እስከ ተስማማ ድረስ፣ ሊተካው ይችላል። ነገር ግን 175/70 አር 14 ቢያስገቡ ቁመቱ ወደ 601 ይደርሳል፤ ይህም ከፊተኛው ከመቶ 3 እጅ ይበልጣል። ያን ጊዜ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል መኪናው በእውነቱ 103 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፤ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞርም ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፈትግ ይችላል።

ምናልባት አንባቢ «ቁመቱ ከተካከለ ሌላው ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። የእኔ ስሕተት መልስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለቮልስዋገን የቆየው ልክ በኢንች 5.60-15 የሚባለው ነበር፤ ከራዲያል ወገን ደግሞ 155/80 አር 15 ይስማማዋል። የዚህ ቁመት 629 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ የገዛሁት 195/65 አር 15 ደግሞ 634 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በቁመት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይለያዩም! ነገር ግን የዚያች መኪና ቸርኬ ወርዱ 4 ኢንች ወይም 4 ኢንች ተኩል ብቻ ሲሆን፣ 195/65 የተባለው ጎማ ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል ወርድ ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ሰፊው ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ጎኑ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ በመታጠፊያም ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ በመጨረሻም ከጠርዙ ይላቀቃል። ሻጩ «15 ለ15» ሲለኝ ዋሽቶ አልነበረም፤ ከሦስቱ ልክ አንዱን ብቻ መናገሩ ነው። እኔም ሁለቱን ሳልጠይቅ ቀረሁ። የቸርኬው ወርድ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛልና ጭቃው ታጥቦ ይነበብ።

በዚያች መኪና ላይ የሠራሁት ሌላም ስሕተት ነበር። የቮልስዋገን ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ የፊት ጎማዎቿ የሚፈልጉት ነፋስ ጥቂት ነው፤ በራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፓውንድ ያህል ይሞላል። ለልኩ ጎማ የተወሰነውን ይህን ዝቅተኛ ነፋስ ልኩ ላልሆነው ሰፊ ጎማ ስሞላለት ጠርዙን የሚይዝበትን ኀይል አሳጣሁት። በውስጡ ያስገባሁትም ለጠባቡ ጎማ የተሠራው አሮጌው ካላማዳሪ ነበር። ካላማዳሪም እንደ ጎማው ሁሉ ልክ አለው።

ከልኩ ቀጥሎ የሚነበበው 82 ቲ እንደሚለው ያለ ጽሕፈት ነው። ቁጥሩ አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት፣ ፊደሉ የሚችለውን ፍጥነት ያመለክታል። 82 ማለት 475 ኪሎ ግራም፣ 87 ማለት 545 ኪሎ ግራም፣ 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም ነው። ቲ ማለት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ነው። ፋብሪካው ከወሰነው የክብደት ቁጥር በታች የሆነ ጎማ ርካሽ ቢሆንም አይገዛም፤ ከፍ ያለ ቢሆን ግን ጉዳት የለውም። ይልቁንም ሕዝብ የሚያጓጉዙ ሚኒባሶች የቤት መኪና ጎማ ሊደረግላቸው አይገባም። ለእነዚህ የሚሆነው 195 አር 15 ሲ እንደሚባለው ያለ፣ በመጨረሻው ላይ ሲ የሚል ፊደል ያለበት ጠንካራ ጎማ ነው።

ሦስተኛው የሚነበበው የጎማው ዕድሜ ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሕፈት መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ቢሆን ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎማ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች ከ6 ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ 10 ዓመት የሞላው ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይታመንም። ስለዚህ «ያልተነዳ» እና «አዲስ» የሚሉት ሁለት ቃላት አንድ ትርጉም እንዳላቸው አድርገው አይቀበሉ።

ስለ አገጣጠሙም ጥቂት ልበል። በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች በልክም በዓይነትም አንድ መሆን አለባቸው። ራዲያሉንና የዱሮውን ዓይነት ጎማ ቀላቅሎ መንዳት አደገኛ ነው። የመግዣው ገንዘብ ለሁለት ብቻ የበቃ እንደ ሆነ፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ፣ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። የፊቱ ቢንሸራተት ሾፌሩ በመሪው ይታወቀዋል፤ የኋላው በዝናብ ቢንሸራተት ግን መኪናውን አዙሮ ይጥለዋል። ስኮርታውም እንዳይረሳ። በሊማሊሞ መካከል ስኮርታው ሌላ ልክ ሆኖ የተገኘበት ሰው ክሪኩን ይዞ ቆሞ ማዘን ብቻ ይቀረዋል። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነው። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ በተለወጠ ቍጥር ነፋሱ 2 ፓውንድ ያህል ይለወጣልና፣ ከደጋው ከዳባት ወደ ቆላው ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ይህን ያስታውስ፤ ነገር ግን የሞቀውን ጎማ እያስተነፈሰ አይጓዝ።

ይህ ነገር በግል መኪና ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በመሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰዎች በፊርማችን ጎማ እናስገዛለን። በግዥ መጠየቂያው ላይ «ባለ 16 ጎማ፣ ብዛት 4» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፍና ለመስክ ጉዞ የማይችል ጎማ ይመጣል። ወረቀቱ ሥርዐቱን ጠብቋል፤ ሒሳቡም ተወራርዷል፤ በገደል መንገድ ላይ የሚነዳው ሾፌርና ከኋላ የሚቀመጡት የጤና ሠራተኞች ግን የጎደለውን ቁጥር በሕይወታቸው ይከፍሉታል። ስለዚህ ወርዱ፣ የጎኑ ቁመት፣ የቸርኬው ኢንች፣ የክብደቱና የፍጥነቱ ምልክት፣ የተሠራበትም ዘመን አንድ ሳይቀር ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የጎማ ዋጋ ከደመወዛችን ጋር ሲመዛዘን ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። ዳሩ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፣ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ማንበብ ይቅደም። ነገ ማለዳ የመኪናዎን በር ከፍተው በሾፌሩ በኩል ባለው ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ጽሕፈት፣ እሱ ከሌለም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱና ልኩን በማስታወሻዎ ይጻፉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው አራቱንም ጎማዎች፣ አምስተኛውንም ስኮርታ ያንብቡ። ሁሉም ከተስማሙ እሰየው። ካልተስማሙ ግን ለመለወጥ ደባርቅ እስኪደርሱ አይጠብቁ። እኔ ያቺን ቮልስዋገን እስካሁን እነዳታለሁ፤ 155/80 አር 15 ተጫምታለች። እናቴም ከመሳፈሯ በፊት «ለካህላት?» ብላ ሳትጠይቀኝ በሩን አትከፍትም።