ሽርጥ ኪስ ውስጥ የሚገባ ደብተር

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ከአዲስ አበባ በስልክ ድምፅ ተቀድቶ የተላከልን ንግግር ነው።)

እህቶቼ፣ ቤይሩት ያላችሁም፣ ከከተማው ርቃችሁ ተራራው ላይ ያላችሁም፣ እሁድ እንድትወጡ የማይፈቀድላችሁም ጭምር፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው የኔ ወንበር ላይ ሌላ ሰው እንደተቀመጠች ሰምቻለሁ። ትቀመጥባት፣ አንድ እግሯ ግን ይወዛወዛል፣ ተጠንቀቂ በሏት።

ስለ ሥራሽ ንገሪን ብላችሁኛል። ደብተርና ካርድ በእጅ እየሠሩ መኖር ምን ይመስላል፣ ሐሳቡንስ ከየት ታመጪዋለሽ ነው ጥያቄያችሁ። እዚህም ደንበኞች ይህንኑ ይጠይቁኛል፤ ስለ አበባና ስለ ወፍ እንዳወራላቸው ይመስለኛል የሚፈልጉት። እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፣ የኔ ሐሳብ የመጣው ከበር ጀርባ ነው።

በ2018 ሰኔ ላይ የገባሁበት ቤት የሰጡኝ ክፍል ከኩሽናው ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት በሩን ስዘጋ ከጀርባው በእርሳስ የተጫሩ መስመሮች አየሁ። ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ናት የጫረቻቸው። ደመወዝ የተቀበለችበትን ወር ትቁጠር፣ ያልተቀበለችበትን ትቁጠር፣ የሚነግረኝ አልነበረም። ማዳምን ብጠይቃት "ኻላስ፣ ሄዳለች" ብላ ዘጋችው። እኔ ግን በሩን በዘጋሁ ቁጥር አየዋለሁ። መስመር ብቻ ምን ያደርጋል? የጫረችው ከሄደች በኋላ ማንም ሊያነበው አይችልም።

በዚያው ሳምንት ልጆቹ የጣሉትን የትምህርት ቤት ደብተር ከቆሻሻው አነሳሁ። ያልተጻፈባቸውን ወረቀቶች አውጥቼ፣ አጥፌ፣ ቁልፍ በምተክልበት መርፌና ክር ሰፋኋቸው። ማንም አላስተማረኝም ብዬ አልዋሽም። አያቴ ጎጃም ውስጥ ደብተራ ነበሩ፣ የብራና መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ብራናው ታጥፎ ጥራዝ ሲሆን፣ ጥራዙ ከጥራዙ ጋ በክር ሲያያዝ፣ ከፊትና ከኋላ እንጨት ሲገባለት ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሴት ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች የሚል ሰው አይጠፋም፤ እሳቸው ግን "ክሩን በሰም እሺልኝ" ይሉኝ ነበር። ስፌቱ እንደ ሰንሰለት ነው፣ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን እያነቀ ያልፋል። ርካሽ ሙጫ ብቻ የያዘው ደብተር ገለጥ ሲያደርጉት ገጹ ይረግፋል፤ እንዲህ የተሰፋው ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል።

ያኔ ስለ ውበቱ አላሰብኩም። ገጽ ቢቀድዱብኝ እንዲታወቅ ነበር የፈለግኩት። ወረቀቱ ታጥፎ ስለሚሰፋ ሁለት ሁለቱ ቅጠል ጥንድ ነው፤ አንዱን የቀደደ ሰው ጥንዱን ያላላዋል፣ መደበቅ አይችልም።

ደመወዝ የተቀበልኩ ቀን ደብተሩን ለማዳም አቀረብኩላት። "ሹ ሃይዳ? ደፍተር?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ የኛም ቋንቋ ደብተር ነው የሚለው አልኳት። ፈረመች። በየወሩ እየሳቀች ፈረመች፣ 19 ወር። በ2019 መጨረሻ ዶላር ከባንክ ሲጠፋ ሳቁም ፊርማውም ቆመ። ያንን ጊዜ እናንተው ታውቁታላችሁ፣ በ1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግራችሁም። ከጥር እስከ ሐምሌ 2020 ድረስ 7 ወር ባዶ። ወሩን እጽፋለሁ፣ የተስማማነውን እጽፋለሁ፣ "የተቀበልኩት" የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ አደርጋለሁ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወጣሁ። ነሐሴ 4 ወደቡ ሲፈነዳ ቡርጅ ሐሙድ ለስድስት በተከራየናት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። መስታወቱ ሁሉ ረገፈ። አቧራው ጋብ ሲል መጀመሪያ የፈለግኩት ደብተሬን ነው። ጓደኛዬ ግንባሯ እየደማ ነበር፣ እኔ ፍራሽ አገላብጣለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን የሆነው እሱ ነው።

ከዚያ ከናንተ መሀል ሁለት እህቶች ይዘውኝ ሄዱ። ማዳም "ሁሉንም ከፍያለሁ" አለች። ደብተሩን ከፈትንላት። 19 ቦታ የገዛ እጅ ጽሑፏ፣ 7 ቦታ ምንም። ባልየው ቆሞ ገጹን አንድ በአንድ ገለጠ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። የ4 ወር ከፈሉኝ። የ3 ወሩ እስከ ዛሬ እንደቀረ ነው። ደብተር ዳኛ አይደለም፣ ሰውን አያስገድድም። ግን ባይኖር አራቱም አይመጡም ነበር።

አገር ቤት ስገባ የላክሁት ብር ቤት ሆኖ አልጠበቀኝም። ይኸኛውን አላወራውም፣ ግማሻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግማሻችሁ እንዳታውቁት እጸልያለሁ። በዚያች የ4 ወር ገንዘብና በእቁብ ጀመርኩ።

አሁን የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ማታ መኝታ፣ ቀን ፋብሪካ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቼ ዱቄት በውሃ በጥብጬ ሙጫ አበስላለሁ፤ መብራት ካለ በምድጃ፣ ከሌለ በከሰል። ወረቀቱን በደስጣ እገዛለሁ፣ ለካርድ የሚሆነውን ደግሞ ከትንንሽ ማተሚያ ቤቶች ተቆርጦ የተረፈውን። አራት አራት እያደረግሁ አጥፋለሁ፣ 16 ገጽ ይወጣዋል። በወስፌ እበሳለሁ። አዎ፣ ሰፌድ የሚሰፋበት ወስፌ ነው፤ ከውጭ የመጣ መሣሪያ ገዝቼ ነበር፣ በሁለት ሳምንት ተሰበረ። ለጀርባው ከሸማኔዎቹ ቁራጭ ጥለት እወስዳለሁ፣ ለቀሚስ የማይበቃ ግን ለደብተር የሚተርፍ። ከዚያ ሁለት ብሎኬት ጭኜበት ያድራል። በቀን 12 ትንንሽ ብሠራ ጥሩ ቀን ነው።

ኪሳራዬንም ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ትእዛዝ 200 የሠርግ ጥሪ ካርድ ነበር። ወረቀት እንደ እንጨት የተኛበት አቅጣጫ እንዳለው አላውቅም ነበር። በተቃራኒው አጠፍኩት፣ ሁሉም እጥፋቱ ላይ ተሰነጠቀ። ቀብዱን መለስኩ፣ የሙሽራዋ እናት ፊት አለቀስኩ። አሁን አንድ ወረቀት እንኳ ሳላጥፍ በፊት በሁለቱም በኩል በቀስታ ጎበጥ አድርጌ አየዋለሁ፤ እሺ ብሎ የሚጎብጠው በኩል ነው የሚታጠፈው። የዛን ዓመት ክረምት ደግሞ ሙጫው ሳይደርቅ ስለደረደርኩት 30 ደብተር ሻገተ። የዕለቱን ሙጫ ለዕለቱ ብቻ ማብሰል የተማርኩት ያኔ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሬው ለውጥ ሲመጣ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ሲያልፍ፣ ወረቀትም አብሮ ወጣ። ዋጋ ተነጋግሬ የተቀበልኩትን ትእዛዝ በኪሳራ ጨረስኩ። ስለዚህ ነይና ንግድ ክፈቺ፣ ያልፍልሻል የምትል ሰው አድርጋችሁ አትውሰዱኝ። እዛ ከማገኘው ደመወዝ ያነሰ የማገኝበት ወር አለ። ልዩነቱ ሲመሽ በሩን የምቆልፈው እኔ መሆኔ ነው።

የሚሸጥልኝ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ያለበት ካርድ ነው፣ በጳጉሜን እንቅልፍ የለም። የምወደው ግን ሌላ ነው። ጎረቤቴ ያለች ልጅ ለሥራ ልትሄድ ስትሰናዳ ያቺን የበሩን ጀርባ አስታወስኩና አንዲት ትንሽ ደብተር ሰፋሁላት። እህቷም ፈለገች፣ ከዚያ ጓደኞቿ። አሁን ከማንኛውም ትእዛዝ በፊት በየወሩ ጥቂቱን እሠራለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የፓስፖርት ቁጥር፣ የኮንትራቱ ቀን፣ በቃል መያዝ ያለበት ስልክ። ከዚያ በየገጹ አንድ ወር፦ የተስማማነው፣ የተቀበልኩት፣ በዶላር ነው በሊራ፣ የቀረ፣ ፊርማ። አሰሪ አልፈርምም ካለች ያለችውን ቃል ከነቀኑ ጻፉት። ወር በገባ ቁጥር ገጹን በስልክ አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩት፤ ደብተር ይወሰዳል፣ ይቃጠላል።

አንዳንዶቻችሁ እዛው ሆነን ሠርተን እንሽጥ ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። ኢቃማችሁ ለቤት ሥራ ከሆነ በሌላ ሥራ መያዝ ጣጣ አለው፣ ያንን ለኔ ካርድ ብላችሁ አትግቡበት። ለራሳችሁና ለጓደኛ ስፉ። እጅ የለመደውን መክተብም ከፊልም አይነጥቅም፣ ሻንጣ ሲፈተሽም አይታይም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከምትመጣው እህት ጋ 40 ደብተር ልኬያለሁ። አይሸጡም። መጀመሪያ እሁድ ለማትወጡት ይድረስ፣ እንዴት እንደምታደርሱላቸው እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከዳቦ ጋ ይሁን ከሻምፑ። ሽፋኑን ጥቁር ያደረግኩት ማንም እንዳያየው ነው እንጂ ጥለቱን ሰስቼ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ እቸገራለሁ። ልኩን የወሰድኩት ከድሮው ሽርጤ ነው፣ 9 በ13 ሳንቲ ሜትር፣ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ከላይ ጣት የሚያህል ይተርፍ ነበር። አሁን የሚሰጧችሁ ሽርጥ ኪሱ ጠባብ ነው ስትሉ ሰምቻለሁ። እባካችሁ የኪሳችሁን ልክ፣ ወርዱንም ቁመቱንም፣ ለክታችሁ ላኩልኝ። የሚቀጥለውን ወረቀት ሐሙስ ነው የምቆርጠው።