ለመረጃ ቋት ጥያቄ ስናቀርብ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ የነበረው የሠራተኛው ደመወዝ፣ የጡረተኛው አበልና የሕመምተኛው ካርድ ዛሬ በብዙ ቦታ ወደ መረጃ ቋት ገብቷል። ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ አምሳል የማደራጀትን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1970 አቀረበ። በ1974 ደግሞ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን ቋንቋ መነሻ አሳወቁ። ቋንቋው ለመማር ቀላል ነው፤ ለመሳሳትም እንዲሁ።

ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ብሎ የሚመልሰው ትእዛዝ እምብዛም አይጎዳም፤ አርሞ እንደገና መጻፍ ይቻላልና። ይልቁንም የሚያሠጋው፣ ትእዛዙ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተፈጽሞ ውጤቱ የተሳሳተ ሲሆን ነው። ከእነዚህም ሦስቱን ላንሣ።

አንደኛው፣ በአፕዴትና በዲሊት ትእዛዝ ላይ ዌር የሚለውን ገዳቢ ሐረግ መርሳት ነው። የአንድ ሠራተኛን ደመወዝ ለማረም የታሰበው ትእዛዝ ያለ ዌር ከተላከ የሁሉንም ደመወዝ አንድ ያደርገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ በዚያው ገደብ በሰሌክት መጠየቅና የሚመጡትን ረድፎች መቍጠር ይገባል። ከዚያም ትራንዛክሽን ከፍቶ ለውጡን ማድረግ፤ ተለወጡ የተባሉት ረድፎች ቍጥር ከተቈጠሩት ጋር ከተስማማ በኮሚት ማጽናት፣ ካልተስማማ በሮልባክ መመለስ ነው። ሆኖም በኦራክልና በማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥን የሚፈጥር ወይም የሚያጠፋ ትእዛዝ በመካከል ከገባ፣ የቀደመው ሥራ ሁሉ ሳይጠየቅ እንደሚጸና መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው ናል የሚባለው ባዶ ቦታ ነው። ናል ዜሮ አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ባዶውን በእኩል ምልክት መፈለግ ምንም አያስገኝም፤ ኢዝ ናል ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከዚህ የከፋውን እንመልከት። ደመወዝ ያልደረሳቸውን ሠራተኞች ለማወቅ፣ በክፍያው ሠንጠረዥ መለያ ቍጥራቸው የሌለውን በኖት ኢን ጠየቅን እንበል። በክፍያው ዝርዝር ውስጥ አንድ መለያ ቍጥር እንኳ ናል ከሆነ መልሱ ባዶ ይሆናል። የሒሳብ ሹሙም ያልተከፈለው የለም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ ሠራተኛው ግን ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። በኖት ኢን ፈንታ ኖት ኤግዚስትስን ብንጠቀም ከዚህ እንድናለን።

ሦስተኛው የራሳችንን ፊደል ይመለከታል። አንዱ ፀሐይ ብሎ የጻፈውን ሌላው ጸሀይ ይለዋል፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ጡረተኛው መዝገቡ ሳለ «ስምዎ የለም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው የሰውየውን አጻጻፍ ማስለወጥ አይደለም። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው በአንድ ዓምድ ማኖር፣ በሌላ ዓምድ ደግሞ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ወገን አምጥቶ ለፍለጋ ብቻ ማዋል ነው፤ የሚፈለገውም ስም በዚያው ደንብ ይስተካከል። በዩቲኤፍ 8 አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛልና፣ በባይት የተለካ የ30 ባይት ዓምድ ከ10 ፊደል በላይ አይችልም። በኤስኪውኤል ሰርቨርም በአማርኛ ጽሑፍ ጥቅስ ፊት ኤን የምትባለው የላቲን ፊደል ከተዘነጋች ስሙ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ የጠፋውን ስም ከዚያው ዓምድ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ለምርመራ የምናውለው ጥቂት ደቂቃ ሥራን የሚያዘገይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ረድፍ መብቱን የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው። አዲስ ለሚመጡት ባልደረቦቻችን ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ይህንም ጭምር ማስተማር የእኛ ፈንታ ነው።