በሐይቁ በረዶ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ
(በሰፈራችን ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)

ውድ በሚኒሶታ የምንኖር ጎረቤቶች፤

እንደሚታወቀው በብርዱ ወራት የሐይቁን በረዶ በስተን ዓሣ እናጠምዳለን። ጉድጓዱ ታዲያ እንደ አጥሚት በወፈረ የበረዶ ፍርፋሪ ይሞላል። በስተን ስንጨርስ በባትሪ የሚሠራውን መሰርሰሪያ ሳናጠፋ ቀጥ አድርገን ወደ ላይ ብንስበው፣ ጥምዝምዙ ብረት አብዛኛውን ፍርፋሪ ይዞት ይወጣል። የቀረውን መሣሪያውን አጥፍተን በቀዳዳ ጭልፋ እንጨልፍ።

አንዱ ወንድማችን ግን ብረቱ እየዞረ በእጁ ሊጠርግ ጎንበስ ቢል ሻርፑ ተጠመጠመበት። ጣቱ ከማብሪያው ባይላቀቅ ኖሮ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር እኮ!

ስለሆነም ሻርፕ ኮት ውስጥ ይግባ፤ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ባትሪው ይነቀል። ጥርት ያለው በረዶ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ ደግሞ በእግርም አንውጣበት። ዓሣው ይቆየናል፤ ሰው ግን አይተካም።