ጭፈራችን በኢንተርኔት ሲታይ ጉዳቱን ማን ይከፍላል?

ወገኖቻችን!

የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጭፈራውን በኢንተርኔት በቀጥታ ሊያሳይ መነሣቱ አስደስቶናል። እኛ ዘማቾችም ለጄኔሬተሩ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ደርሰን መጣን። እዚያ አሮጌ መኪና ብሎን በብሎን ተፈትቶ ይሸጣል። የተሰበረ ዕቃ መተካት ስንት ብር እንደሚያስወጣ ያየነው እዚያ ነው።

ታዲያ የተከራየነው ካሜራ ቢወድቅስ? ድምፅ ማጉያው ተመልካች ላይ ቢያርፍስ? ዕድራችን ሰው ሲሞት ይደርሳል እንጂ ካሜራ አይቀብርም። ዕቃውን የሚያመጣው መኪና የሦስተኛ ወገን መድን አለው ትሉ ይሆናል። ይህ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ግዴታ የሆነው መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ ለጫነው ዕቃ አይደለም።

መድን ማለት ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እየከፈለ፣ አደጋ የደረሰበት የሚካስበት ውል ነው። የሚካሰው ግን በውሉ ለተጻፈው ጉዳት ብቻ ነው። ለአዳራሽ ትርዒት የተጻፈ ውል ለኢንተርኔቱ ላይሠራ ይችላል። ለምሳሌ የሌላ ሰው ዘፈን ሳናስፈቅድ ብናስተላልፍ፣ ባለዘፈኑ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ካሣ ሊጠይቀን ይችላል። መድን ሰጪው «ይህ በውሉ የለም» ካለን ከኪሳችን ነው።

ፊደል ሳንቆጥር ቢሆን ኖሮ በአውራ ጣታችን አትመን እንመለስ ነበር። ሰኞ ማታ የውሉን ወረቀት ይዘን እንመጣለን። «ካሣ የማይከፈልባቸው» የሚለውን ክፍል እናንተው ጮክ ብላችሁ ታነቡልናላችሁ።