ደጀን፣ ቀላይና ሞጣ፦ ስለ ጠላቂ ዋናተኛ ዕቃ አመራረጥ ለቢቸናና ለሞጣ ሰዎች የተነገረ ዲስኩር



ከሞጣ ተነሥቶ በቢቸና አልፎ፣ ደጀን ላይ ጥቂት አርፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን አውቶቡስ ያልተሳፈረ ሰው በዚህ ጉባኤ ውስጥ ይገኛል ብዬ አልጠረጥርም። ቁልቁለቱ ሲጋመስ ጆሮ ይደፈናል፤ የጎረቤታችን ጨዋታ ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ይመስለናል፤ እናቶች ለሕፃናቱ ጡት ያጎርሳሉ፣ ዐዋቂው ምራቁን ይውጣል፣ ጆሮም ጧ ብሎ ይከፈታል። ደጀን ላይ ውሃውን ጠጥተን ክዳኑን አጥብቀን የዘጋነው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ይኸውም ሕዝባችን በቀደመው የውሃ ንግድ ስም «ሃይላንድ» እያለ የሚጠራው፣ ከዓባይ ድልድይ ስንደርስ ማንም ሳይጨብጠው ጎኑ ተጨማድዶ ይገኛል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት ነውና፣ ደጋ ቆላ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚቀልድ ቢኖር አልቆጣውም፤ እኔ ግን ይህን ጠርሙስ ለዛሬው ነገሬ ምስክር አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ጠላቂ ዋናተኛ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የዚህ ጠርሙስ ዘመዶች ናቸውና።

ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም በጎጃም ደጋ፣ ስለ ባሕር መጥለቂያ ዕቃ ዲስኩር መናገር ለአንዳንዱ ሰው የትርፍ ጊዜ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ከወንዝና ከኩሬ የሰው አስከሬን እያወጡ ለቤተ ሰቡ ሲያስረክቡ በዜና የሰማ፣ ዓባይንም ጎረቤት አድርጎ የሚኖር ሕዝብ፣ ሙያው የቅንጦት ብቻ አለመሆኑን ሳይነገረው ያውቃል። ከዚህም በላይ የቀይ ባሕር ጥልቅ ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። የዳህላክ ሰዎች በአንድ እስትንፋስ ብቻ ወርደው ሉል ሲለቅሙ ኖረዋል፤ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ልቡ እንዲዋኝ የሚያስችለውን መሣሪያ ካወጡ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ዘመን፣ የጣሊያን ጠላቂዎች ጓድ ወደዚያው ወደ ዳህላክ መጥቶ ፎልኮ ኩሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ፊልም ቀርጾበታል። የዛሬው የጎጃም ወጣት ግን ይህን ጥበብ ለመማር የሚቀርበው ባሕር ጂቡቲ ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ግዙፉ ነጠብጣባም ሻርክ፣ በትልቅነቱ የዮናስን ዓሣ አንበሪ የሚያሳስበን፣ ነገር ግን ሰውን የማይነካው ፍጡር፣ ወደ ጠረፉ ይቀርባል።

እንግዲህ ወደ ግዥው እንምጣ። ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው በጀርባ የሚታዘለውን ሲሊንደር ነው፤ እርሱ ግርማ አለውና። እኔ ግን በመጨረሻ የሚገዛው እርሱ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳይገዛው በኪራይ ሊኖር ይችላል፣ እላለሁ። አስቀድሞ የሚገዛው ገላን የሚነካው፣ በሰው ልክ ካልሆነ የማይጠቅመው ዕቃ ነው፤ ከዚህም ሁሉ መጀመሪያው ማስክ ነው።

ማስክ ስል ልጆች በመዋኛ ገንዳ የሚያጠልቁትን ትንሽ መነጽር ማለቴ አይደለም። ያ ዓይንን ብቻ ስለሚሸፍን፣ ወደ ጥልቁ በወረድን መጠን በውስጡ ያለው አየር እንደ ጠርሙሳችን ሲጨማደድ፣ ዓይናችንን ወደ ውጭ ይመጠምጠዋል። የጠላቂ ማስክ አፍንጫን ጨምሮ የሚይዝበት ምክንያት ይኸው ነው፤ በአፍንጫ ጥቂት አየር እፍ ስንልበት የተጨማደደው ይሞላል። ምርጫው ገንዘብ የማይጠይቅ ፈተና አለው፦ ማሰሪያውን ወደ ኋላ ጥሎ ማስኩን ፊት ላይ ማስደገፍ፣ በአፍንጫ ጥቂት ወደ ውስጥ መሳብ፣ እጅን መልቀቅ። ሳይወድቅ ከቆየ ልኩ ነው፤ ከወደቀ የባለሱቁ ምላስ ምንም ቢጣፍጥ አይሆንም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ፣ ስሙን በማላነሣው ሱቅ፣ የሰማያዊውን ቀለም ማማር አይቼ የገዛሁት ማስክ በመጀመሪያው ቀን እስከ ቅንድቤ ድረስ ጨው ውሃ አጠጥቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ የዕቃ ቀለም አላይም። ጢም ያላችሁ፣ በተለይም ካህናት አባቶቼ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ያለው ጠጉር ውሃ ማስገቢያ በር መሆኑን ዕወቁ። መስታወቱም በእስትንፋስ እንዳይጉም ጠላቂዎች በዓለም ሁሉ እንትፍ ብለው ያሹታል፤ በምራቅ መመረቅን እኛ ከሽማግሌዎቻችን ስለምናውቀው ይህ አያስደንቀንም።

ስለ እግር መቅዘፊያው ብዙ አልናገርም፤ ተረከዝን የማይልጥ፣ ጣትን የማያጨናንቅ ይሁን፤ ረጅምና ደረቅ የሆነው ለጀማሪ እግር ቁርጥማት ነው። የመጥለቂያው ልብስ ግን ጥቂት ያቆየናል። ዌትሱት የሚሉት ይህ የላስቲክ ልብስ ሙቀት የሚጠብቀው በውስጡ በተሰወሩት ጥቃቅን የአየር ዘለላዎች ነው። እነዚያም ዘለላዎች እያንዳንዳቸው ታናናሽ ጠርሙሶች ስለ ሆኑ፣ ጠላቂው በወረደ ቁጥር ልብሱ ይሳሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ ሰውነቱም ይከብዳል። ለጂቡቲ ባሕር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ በክረምታቸው ወደ ግብፅ ጠረፍ የሚሄድ 5 ሚሊ ሜትር ቢይዝ ይሻለዋል። ሲለበስ ያለ ትግል የገባ ልብስ ሰፊ ነው ማለት ነው፤ ተለብሶ ሳለ ግን ደረት ሞልቶ መተንፈስ ካቃተ የታናሽ ወንድምን ሸሚዝ እንደ ማጥለቅ ነው።

አየር እየተነፋበት ጠላቂውን የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ቢሲዲ የሚባለው፣ ከጠርሙሶቹ ሁሉ እኛ የምናዝዘው እርሱ ብቻ ነው፤ ሲጨማደድ እንሞላዋለን፣ ሲነፋ እናስተነፍሰዋለን። ስለዚህ ሲገዛ ኪሱ ስንት ነው ከማለት በፊት፣ ማስተንፈሻ ገመዱ በጨለማ በእጅ ይገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሬጉሌተር በሚባለው ላይ ደርሰናል፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ይቅርታችሁ አይለየኝ፤ እስትንፋስ የሚንጠለጠልበት ክር እርሱ ነውና። የሲሊንደሩ አየር በ200 ባር ኃይል ታምቆ ሳለ በቀጥታ ወደ አፍ ቢለቀቅ ሳንባ አይችለውም። ሬጉሌተሩ በመጀመሪያው ክፍሉ ይህን ኃይል ወደ 10 ባር ገደማ ያወርደዋል፤ በሁለተኛው፣ በአፍ በሚያዘው ክፍሉ፣ ጠላቂው ካለበት ጥልቀት ግፊት ጋር አስተካክሎ፣ ሲስብ ብቻ ይሰጠዋል። ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጠምበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ የሚጠመዘዝ፣ ዲን የሚባለው ሲሆን፣ ሌላውን ፈረንጆች «ቀንበር» ብለው ሰይመውታል፤ አራሽ ሕዝብ በዚህ ስም አይቸገርም። መንገደኛ ሰው የሚሄድበት ጠረፍ የትኛውን እንደሚጠቀም አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ወይም ማስማሚያውን ይያዝ።

ያገለገለ ሬጉሌተር መግዛት ይቻላል ወይ ለሚል መልሴ፣ ይቻላል፣ ነገር ግን በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ነው። በቢቸና ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ሳያስረግጥ፣ ባለቤቱም ለምን እንደሚሸጣት ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቆጥርም። ሬጉሌተርም ሠሪው በወሰነው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ በባለሙያ ተፈትቶ መታደስ ስላለበት፣ የታደሰበት ወረቀት ጥርሱ ነው። ሰባራ ድልድይ የሚባለው የዓባይ ድልድይ ከተሰበረ በኋላ በገመድ እየተጎተቱ ወንዙን የተሻገሩት ያገሬ ሰዎች፣ የገመዱ ማማር አልነበረም የሚያሳስባቸው፤ ጫፉን ማን እንደያዘው እንጂ። ሻጩ ስለ እድሳቱ ሲጠየቅ ስለ ዋጋው መርከስ የሚመልስ ከሆነ፣ ትቶ መሄድ ነው።

ሲሊንደሩን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት አንድም ስለ ክብደቱና ስለ ምርመራው ነው፤ በየዓመቱ ውስጡ መታየት፣ በብዙ አገሮች ሥርዓትም በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት መፈተን አለበት። ሁለተኛውና ትልቁ ምክንያት ግን አሞላሉ ነው። በጋዜጣውም በሬዲዮውም «የኦክስጅን ሲሊንደር» ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም የሚገድል ነው። በጠላቂ ጀርባ ያለው እኛ በዚህ አዳራሽ የምንተነፍሰው ተራ አየር፣ ተጣርቶና ታምቆ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች መርዝ ይሆናል፣ ጠላቂውንም ያንዘፈዝፈዋል። እጀ ብልህ የሆነ ልጅ በከተማችን እንደማይጠፋ ስለማውቅ አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ከብየዳ ቤት ኦክስጅን፣ ከጎሚስታም ኮምፕሬሰር አየር ለዚህ ነገር አይቀዳም። የጎማ መንፊያው አየር ዘይት የተቀላቀለበት ነው፤ ሞተሩም አጠገቡ የሚያጨስ ከሆነ፣ በተዘጋ ቤት በከሰል ጭስ ሰው የሚሞትበት ያ ሽታ የሌለው መርዝ አብሮ ይታመቃል፣ በጥልቁም ኃይሉ ይበዛል።

ስንት ጊዜ ያቆያል ለምትሉ፣ ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው፤ ከዚህ 50 ባሩ፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ የመጠባበቂያ ነውና አይነካም። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በቀረው በውሃው ፊት 90 ደቂቃ ይቆያል፤ ግፊቱ እጥፍ በሚሆንበት በ10 ሜትር ግን 45፣ በ20 ሜትር 30 ደቂቃ ብቻ። የፈራ ሰው ደግሞ እጥፍ ይተነፍሳል። የግፊት መለኪያውን ማየት የዘነጋ ሰው የሚጣላው ከባሕር ጋር አይደለም፣ ከማካፈል ጋር ነው እንጂ።

አሁን የደጋ ሰው ከባሕር ዳር ሰው ተለይቶ ስለሚገዛው አንድ ዕቃ ልናገር፤ ወደዚህ የመጣሁትም ስለ እርሱ ነው። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። በጥልቅ ግፊት ይህ ናይትሮጅን ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይሰርጋል፤ ግፊቱ ቀስ ብሎ ሲቀንስ በሳንባ በኩል በሰላም ይወጣል፣ በድንገት ሲቀንስ ግን የአምቦ ውሃ ክዳኑ ሲነሣ እንደሚያደርገው በየሥሩ ይፈላል። ስለዚህ ጠላቂ በዝግታ ይወጣል፤ ሲወጣም እስትንፋሱን ከቶ አይዘጋም፤ ከታች የተሞላ ሳንባ ወደ ላይ ሲመጣ እንደ ተዘጋ ጠርሙስ ይነፋልና። የጂቡቲ ጠላቂ ራሱ ከውሃው ብቅ ሲል መውጣቱን ጨርሷል። የሞጣ ሰው ግን ገና አልጨረሰም፤ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ይቀረዋል፤ የሞጣና የቢቸና አየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና።

የጠላቂዎች ሐኪሞች አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመክራሉ። ይህ ምክር የታሰበው የውስጥ አየሩ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሳሳ አውሮፕላን ነው፤ ሞጣና ቢቸና ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። እንግዲህ «እኔ በባቡር ነው የምመለሰው፣ አውሮፕላኑን ለሌላው ንገሩ» የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ባቡሩም ከጂቡቲ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ በመጨረሻ ወደ ደጋ ያወጣዋል። እኔ ለአገሬ ሰው 24 ሰዓት ሙሉ ቆይ እለዋለሁ።

ስለዚህ ከማስክ ቀጥሎ የደጋ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያወጣበት ዕቃ፣ በእጅ የሚታሰረው የጠላቂ ኮምፒውተር ይሁን። ይህ ሰዓት መሰል መሣሪያ ጥልቀቱንና ጊዜውን እየመዘገበ፣ በደም የቀረውን ናይትሮጅን በግምት እያሰላ፣ መቼ መውጣት፣ ከወጡም በኋላ እስከ መቼ መቆየት እንደሚገባ ይነግራል። ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ ከፍታን ያውቃል ወይ የሚል ነው። አንድ ቀን በጣና ለመጥለቅ የምትመኙ ብትኖሩ፣ ያ ሐይቅ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ፣ ባሕር ላይ በ10 ሜትር እጥፍ የሚሆነው ግፊት በዚያ በ8 ሜትር ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ከፍታን የማያውቅ ኮምፒውተር ይህን አይነግራችሁም። ጣና በጥልቁ ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ነው፣ ውሃውም ድፍርስ ነው፣ ጉማሬውም ባለቤት ነኝ ባይ ነውና፣ ትምህርቱን በጠራ ባሕር መጀመር ይሻላል። የመጀመሪያው ደረጃ ምስክር ወረቀት በተለምዶ እስከ 18 ሜትር ያስወርዳል፤ ይህም ወረቀት ከዕቃው ሁሉ አስቀድሞ ይገኝ።

በጂቡቲ የምትቆዩበትን ያን የመጨረሻ ቀን ምን እናድርግበት የምትሉ እንደሆነ፣ የዕቃ ማጠቢያ ቀን ነው። ማስኩንም፣ ልብሱንም፣ ሬጉሌተሩንም የአየር መግቢያ ክዳኑን ሳታነሡ ጨው በሌለው ውሃ ዘፍዝፋችሁ ጨው አስለቅቁ፤ ሰደርያውን ውስጡንም ጭምር አጥባችሁ ገልብጡት፤ ከፀሐይ አርቃችሁ ከጥላ ሥር ስቀሉት። ሲደርቅ ባቡራችሁ ደርሶ ይሆናል።