ነቀርሳና ጀርም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ነቀርሳ ነው። ካንሰርም ይባላል። እርግማን የሚመስለው ሰው አለ። እርግማን አይደለም። ገላችን የተሠራባቸው ጥቃቅን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ ነቀርሳ ይሆናል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ጀርም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ ከተገኙት አዳዲስ ነቀርሳዎች ከ100ው 13 ያህሉ መነሻቸው ጀርም ነበር።

የማኅፀን በር ነቀርሳን እንውሰድ። በአገራችን ሴቶችን በማጥቃት ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ከነቀርሳው ውስጥ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይጋባል። ባልና ሚስት ሳያውቁት ይይዛቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ገላ ራሱ ያሸንፈዋል። ካላሸነፈው ግን በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ተደብቆ ይቆያል። ነቀርሳ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ይህ ጊዜ ለእኛ ዕድል ነው።

የጉበት ነቀርሳም አለ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ጉበትን ለዓመታት እየጎዳ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ ደም በነካው ምላጭም ይጋባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ በትንፋሽ ይጋባል፤ እሱ ግን በስም ብቻ የተመሳሰለ ሌላ በሽታ ነው። እኛ በምንለው ነቀርሳ የሚጋባው ጀርሙ ነው እንጂ ነቀርሳው አይደለም። ታዲያ የታመመችን እናት ዕቃዋን መለየት፣ ከእሷ ጋር አለመብላት ለምን? ብንሸሻት ሕመሟን ትደብቃለች። ስትደብቅ የመዳኛው ጊዜ ያልፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሴት ልጆቻችንን እናስከትብ። የማኅፀን በር ነቀርሳ መከላከያ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል።

ሕፃናትን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እናስከትብ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ አብሮ ይሰጣል። ከብት ይዛችሁ ወደ ገናሌ ወይም ወደ ዳዋ ስትወርዱም ቀኑ አይለፋችሁ።

አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሁን።

ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች፣ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስለ ምርመራው ጠይቁ። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር ሆምጣጤ መሰል ፈሳሽ ስትቀባው የተበላሸው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያኔ ነቀርሳ ሳይሆን ይታከማል። ከወር አበባ ውጪ ወይም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ካያችሁ፣ አትፈሩ፣ አትደብቁ፣ ፈጥናችሁ ሂዱ።

ይህን ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ሴት ልጅ ያለው አባት ሁሉ ይስማ።